ከውዳቂ ነገርና ከሲሚንቶ ስለሚሠራው ቀላል ሙሌት ዘላቂነት

ከአሰላ ተነሥቶ ወደ በቆጂ የሚኼድ መንገደኛ ሳጉሬ ሲደርስ፣ በስተ ምሥራቅ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጭላሎን ተራራ፣ በግራና በቀኝም ገብስና ስንዴ የሚበቅልበትን ሰፊ ሜዳ ያያል። በዚህ ደጋ በብዙ ስፍራ የሚገኘው ዋልካ የተባለው ጥቍር ዐፈር ለአራሹ በረከት ሲኾን፣ ለመንገድ ሠሪና ለቤት ሠሪ ግን ጠላት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተጫነውንም ኹሉ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ያደርገዋል። በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት በወንጌል የተነገረውን ካህናት ኹሉ ያውቁታል፤ የዋልካ አገር መሐንዲስ ግን አሸዋውን ቢያገኝ በምስጋና በተቀበለው ነበር።

እስከ ዛሬ የተለመደው መፍትሔ ዋልካውን ቈፍሮ መጣልና ገረጋንቲ ከሩቅ አምጥቶ መሙላት ነው። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን የመኪናው ኪራይና የነዳጁ ዋጋ ከገረጋንቲው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ውዳቂ ነገርን ከዐፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ ጋራ አዋሕዶ ቀላል ሙሌት ማድረግ የሚለው ዘዴ የብዙ ሰዎችን ልብ ቢስብ የሚያስደንቅ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ዐፈር 1800 ኪሎ ያኽል ሲመዝን፣ በአረፋ ወይም በፕላስቲክ እንክብል የቀለለው ድብልቅ ከ600 እስከ 1200 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ጃፓኖች ከባሕር ወደብ የተጠረገውን ጭቃ በዚህ አኳኋን ሠርተው፣ ጥር 9 ቀን 1987 ዓ. ም. በቆቤ ከደረሰው የምድር መናወጥ በኋላ ወደቡን ሲያድሱ፣ ኋላም በ2003 ዓ. ም. በተከፈተው በቶኪዮ የሐኔዳ አራተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሥራ ተጠቅመውበታል።

ነገር ግን የጃፓን ምስክርነት ለሳጉሬ ሙሉ ምስክርነት አይኾንም። በዚያ ሙሌቱ የሚኖረው ከባሕር ውሃ አጠገብ ወይም ከወፍራም ንጣፍ በታች ተቀብሮ፣ እርጥበቱ ሳይለወጥ ነው። በአርሲ ደጋ ግን ክረምቱ ያርሰዋል፤ በጋው ያደርቀዋል፤ ውርጭም አለ። ሲሚንቶ ያያዘውን ድብልቅ የሚፈጀው ይህ መፈራረቅ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ውሃውም አያያዡን ኖራማ ነገር ቀስ በቀስ አሟምቶ ይወስዳል። ቀላል ነገር ኹሉ ደግሞ ቀዳዳ ስላለው ውሃው መንገድ አያጣም። ጕዳቱ ከውጭ ልጡ ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ስለ ኾነ፣ ላይ ላዩን ያየ ሰው ኹሉ ፈርሷል ይላል፤ ውስጡን የፈተነ ደግሞ ደኅና ነው ይላል፤ ኹለቱም አልዋሹም።

ይህን የአገር ሰው ሳያውቀው የኖረ ነገር አይደለም። ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ ግድግዳ እኮ ቀላል ድብልቅ ነው፤ ክዳኑ እስካላፈሰሰና እግሩ እስካልራሰ ድረስ የልጅ ልጅ ያይበታል፤ ክዳኑ የተቀደደ ዓመት ግን ይናዳል።

ውዳቂ የሚባለውም ኹሉ አንድ አይደለም። ጭድ በሳጉሬ ውዳቂ አይደለም፤ የከብት መኖ ነው፤ ከላም አፍ ነጥቆ ለመንገድ መስጠት ቍጠባ አይባልም። የእንጨት ፍቅፋቂና የሸንኰራ አገዳ ገለባ ስኳርነት ስላላቸው ሳይታጠቡ ቢገቡ ሲሚንቶውን እንዳይጠና ያዘገዩታል። በደንብ ነድዶና ልሞ የተፈጨ የአገዳ ገለባ አመድ ግን ከሲሚንቶው ኖራ ጋራ ተዋሕዶ ሊጠነክር ይችላል፤ ከወንጂ እስከ ደጋው ሽቅብ የሚጫንበት ኪራይ ግን ይታሰብ። ከፈራረሰ ቤት የሚወጣ ጀሶ አደገኛ ነው፤ እርሱ ያለበት ድብልቅ ከጊዜ በኋላ አብጦ ራሱን ይሰብራል። የመኪና ጎማን የተመለከተ እንደ ኾነ፣ በአሜሪካ በዋሺንግተን ክፍለ ሀገር ያለ ሲሚንቶ በተከተፈ ጎማ በወፍራሙ የተሞላ መንገድ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓ. ም. በራሱ ሞቆ ተቃጥሏል። የቤት ጥራጊማ ፈጽሞ ሙሌት አይኾንም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ነፍሳት ያለፉበትን ቀን የረሳ የለም።

ከዚህ ኹሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ይህ ነው። ቅለት ለሚሰምጥ መሬት መድኃኒት ነው፤ ለሚያብጥ መሬት ግን መድኃኒት አይደለም። የሚያብጠውን ዋልካ ወደ ታች ተጭኖ የሚይዘው ክብደት ስለ ኾነ፣ ክብደቱን የቀነሰ ሰው ዕብጠቱን ነጻ ለቀቀው ማለት ነው። በሲሚንቶ የደረቀው ሙሌትም እንደ ዐፈር አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ከውሃ የቀለለው ዐይነት ደግሞ ጎርፍ ቢከበው ሊንሳፈፍ ይችላል። እንግዲህ ይህን ሙሌት ከድልድይ ጀርባ፣ ወይም ረግረግ በኾነ ሜዳ ላይ መሞከር ይገባል፤ እርጥበቱ ባልተያዘ ዋልካ ላይ ግን የመንግሥትን ገንዘብ መበተን ይኾናል።

የ28 ቀን ጥንካሬ የተጻፈበትን ወረቀት አይቶ ክፍያ የሚፈርም ሹም የሙሌቱን ጥንካሬ እንጂ ዕድሜውን አላየም። ዕድሜን ለመገመት የታወቀ ፈተና አለ፤ ናሙናው 5 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ 42 ሰዓት በ71 ዲግሪ ሙቀት ይደርቃል፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ ይህም 12 ጊዜ ይደጋገማል፤ ሸክላማ ዐፈር ከኾነ ከክብደቱ ከመቶ 7 እጅ በላይ ከተራገፈ ተቀባይነት የለውም። ይህ መለኪያ የተቈረጠው ለከባዱ ድብልቅ ስለ ኾነ ለቀላሉ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ከዚያው ከቦታው በተወሰደ ዐፈር የተሠሩ ናሙናዎች በሳጉሬ ሜዳ ላይ፣ ግማሾቹ ተሸፍነው፣ ግማሾቹ ራቍታቸውን፣ ቢያንስ ኹለት ክረምት ይደሩ፤ ክብደታቸውም በየወሩ ይመዝገብ። ሥራው ሲፈቀድ የሙሌቱ ጐን በጥሩ ዐፈር ይልበስ፤ የውሃ መውረጃ ቦይም ይቈፈር፤ ቦዩን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ የሚጠርገው ማን እንደ ኾነ በውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ።