ከፈተና በኋላ ስለሚመጣው ፈተና

ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሰደደ ወላጅ ሁሉ የፈተና ቀን በደረሰ ጊዜ ልጁን በማለዳ ቀስቅሶ፣ ቁርስ አብልቶና መርቆ እንደሚሸኘው የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጁ ፈተናውን ጨርሶ ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ማግሥቱ ጧት ድረስ በልቡ የሚደርሰውን ነገር የሚያስብ ወላጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ስለ ተረሳው ሰዓት ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን በአንድ የሰኔ ወር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ግሼ አገር ወደ ራቤል በሄድን ጊዜ ያየነው ነገር ነው። ተማሮቹ ባዮሎጂ የሚባለውን የሕያዋን ፍጥረት ትምህርት ተፈትነው ወጥተው፣ ከብርዱ የተነሣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከድንጋዩ ካብ ሥር ተቀምጠዋል። የጥያቄውንም ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንዱ «ዐሥራ አራተኛውን ምን አልህ?» ሲል፣ ሁለተኛው «ቢ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የለም፣ ዲ ነው» ብሎ ይሟገታል። የሚደሰተው ጥቂት፣ ፊቱ የሚጠቍረው ግን ብዙ ነበረ።

ከነዚህም መካከል የእኅታችን ልጅ ነበረች። ክርክራቸው «ተክል የሚተነፍሰው መቼ ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነበረ። እርስዋ «ቀንም ሌሊትም» ብላ መልሳ ሳለ፣ በክፍሉ ጐበዝ የተባሉ ሦስት ተማሮች «ሌሊት ብቻ ነው» ብለው ፈረዱባት። ሌላም ጥያቄ ነበረ፤ እርሱም «በመንዝ ጓሳ የሚኖረው የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ምንድር ነው?» የሚል ነው። ለዚህኛው ሳትጠራጠር «ጭላዳ» ብላ መልሳ ነበርና፣ አንድ ከብት እየጠበቀ ያደገ ልጅ «አይጥና ፍልፈል ነው» ቢላት በመሳቅ አለፈችው።

ወደ ቤት በገባች ጊዜ ግን ሳቁ አልነበረም። እራት አልበላም አለች። እኛም ምን እንደ ሆነች ብንጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ሦስቱም ሌሊት ብቻ ነው አሉኝ። ቈጥሬ አየሁት፤ ወድቄአለሁ። ነገ ሒሳብ ነው፤ ከወደቅሁ በኋላ ብሄድ ምን ይረባኛል? አልሄድም» ብላ አለቀሰች።

ይህን በሰማን ጊዜ የራሳችን ነገር ትዝ አለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ የፈተና ቀን የጧቱን ፈተና ጨርሰን ከጓደኞቻችን ጋራ መልስ ብናስተያይ፣ የኛ ከነርሱ የተለየ ስለ ሆነ «ዛሬስ ጠፋን» ብለን ከሰዓት በኋላ ሳንመለስ ቀረን። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ የጧቱን በደኅና አልፈን ተገኘን፤ የወደቅነው ሳንቀመጥለት በቀረነው በከሰዓቱ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ክፍል ደግመን ተማርን። መምህራችን አልጣለንም፤ ራሳችን በገዛ እጃችን ወደቅን እንጂ።

የእኅታችን ልጅ ስታለቅስ እናቷ ለጠላ የዘፈዘፈችውን ገብስ እያገላበጠች ነበር። ውኃውን አጥልላ በቅጠል ከጠቀለለችው ሦስተኛ ቀኑ ስለ ሆነ ገብሱ ጐንቍሎ ነበረ። እኛም ልጅቱን ጠርተን «እጅሽን ከብቅሉ ውስጥ አግቢ» አልናት። እጅዋን ብታገባ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። «ፀሓይ አላየም፤ አረንጓዴ ቅጠልም ገና አላወጣም፤ ታዲያ ሙቀቱን ከወዴት አገኘው?» ብለን ጠየቅናት። ዝም ባለች ጊዜ እናቷ ቀበል አድርጋ፣ «ብቅል ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሲበቅል ይሞቃል። እያገላበጥሁ አየር ካልሰጠሁት ታፍኖ ይበሰብሳል። ይህም ቀን ሌት ሳይል ነው» አለች።

ልጅቱም እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። መልሱ በናቷ ቅጠል ውስጥ ነበረና።

ነገሩን ለማብራራት ያህል፤ ተክል በብርሃን ጊዜ ካየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከመሬት ውኃን ወስዶ ምግቡን ይሠራል፤ ኦክሲጅንንም ይሰጣል። ይህ ሥራ ብርሃን ሲጠፋ ይቆማል። መተንፈስ ግን ሌላ ነው። ተክል ኦክሲጅን ወስዶ ምግቡን በውስጡ እያቃጠለ ኀይል ያገኛል፤ ይህም ሕይወቱ እስካለ ድረስ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። የብቅሉም ሙቀት ከዚሁ የሚመጣ ነው። በቀን ምግብ የመሥራቱ ነገር ስለሚበልጥ የመተንፈሱ ሥራ ተሸፍኖ አይታይምና፣ ብዙ ሰው «ሌሊት ብቻ» ብሎ ይሳሳታል። ደግሞም በኛ ቋንቋ መተንፈስ ሲባል ደረት ከፍ ዝቅ የሚልበት ነገር ስለሚታሰበን ተማሪው ለመሳሳት ይቀለዋል።

በችሎት ተቀምጠን የምስክር ቃል የምንጽፍ ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ሦስት ሰዎች አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ሦስቱም ያንን ቃል ከአንድ ሰው ሰምተውት እንደ ሆነ ምስክርነቱ የአንድ ሰው ነው። ስለዚህ ብልህ ዳኛ የምስክሮቹን ቍጥር ከመቍጠር አስቀድሞ «አንተ ይህን እንዴት ዐወቅህ?» ብሎ ይጠይቃል። ካብ ሥር የተቀመጡት ተማሮች ግን ድምፅ ቈጠሩ እንጂ «እንዴት ዐወቅህ?» አልተባባሉም።

መልስ ማስተያየት በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሮች መምህሩ የነገራቸውን እርስ በርሳቸው ሲከልሱት ቅጸላ ይሉታል፤ ብዙ ሊቃውንትም በዚሁ በርትተዋል። ባሕር ማዶም በዚህ ነገር የተመራመሩ አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓመት ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድን ምንባብ ደጋግመው ያነበቡ ተማሮች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ብልጫ ቢያሳዩም፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ካነበቡት በኋላ በቃላቸው ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው መገኘታቸውን አስረድተዋል። በ2001 ዓመት ደግሞ በተርፊልድና ሜትካፍ የተባሉት፣ ሰው «እርግጠኛ ነኝ» ብሎ የሳተው መልስ ከታረመለት፣ ተጠራጥሮ ከሳተው ይልቅ እርማቱ በልቡ እንደሚጸና አሳይተዋል።

ስለዚህ ጕዳቱ ከማስተያየቱ ሳይሆን ከጊዜውና ካሳቡ ነው። ነገ ሌላ ፈተና ሳለበት ዛሬ ማርኩን የሚቈጥር ልጅ ያለፈውን አያሻሽልም፤ የሚመጣውን ግን ያበላሻል። ፈተናው ሁሉ ካለቀ በኋላ «ለምን?» እያለ የሚያስተያይ ልጅ ግን ሁለተኛ ትምህርት ይማራል።

ይህን እንደ ቀላል የልጅ ልቅሶ አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር ያገራችንን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያስታውስ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ ተፈተኑ፤ ውጤቱም በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በሩ ይህን ያህል ለጠበበበት ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ባደረበት ቤት በየማታው ጓደኞቹ «ሳትህ» ቢሉት ልቡ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ ይገባል።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፤ ልጃችሁ ከፈተና ሲመለስ በደጅ ተቀብላችሁ «ስንቱን ሳትህ?» አትበሉት። «ደከመህ፤ ግባና ብላ» በሉት፤ በጊዜም እንዲተኛ አድርጉ። ከፈተናው ሁሉ በኋላ ግን የጥያቄውን ወረቀት አስመጥታችሁ «ይህን ለምን እንዲህ አልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊደል ያልቈጠረች እናት ብትሆን እንኳ ይህን ለመጠየቅ አታፍር፤ መልሱ ከእርሻዋና ከጓዳዋ ሊገኝ ይችላልና። መምህራንም የታረመውን ወረቀት ከነምክንያቱ ፈጥነው ቢመልሱ ክርክሩ በካብ ሥር አይቀርም።

የእኅታችን ልጅ በዚያ ምሽት እራትዋን በልታ ተኛች፤ በማግሥቱም ሄዳ ሒሳቡን ተፈተነች። የባዮሎጂው ወረቀት በተመለሰ ጊዜ «ቀንም ሌሊትም» ያለችው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሳትጠራጠር «ጭላዳ» ያለችው ግን ስሕተት ሆነባት። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው በኖረው በጓሳ፣ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መካከል በሰላም እየተዘዋወረ የሚያድነው አይጥን ነው። በዚያው የተመራመሩ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓመት ባወጡት ጽሑፍ፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ሲቀናው፣ ለብቻው ሲያድን ግን የሚቀናው ከመቶ 25 ጊዜ መሆኑን ገልጸዋል። ልጅቱም የሣቀችበትን ያንን እረኛ ፈልጋ «እንዴት ዐወቅህ?» ብላ ጠየቀችው። «ከብት ስጠብቅ አይቼዋለሁ» አላት።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ጊዜ ብንጠይቃት፣ ትክክል የመለሰቻቸውን ብዙዎቹን ረስታቸዋለች፤ የቀበሮውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።