ዛፍ እስኪናገር የሚጠብቁ

«በዛፍ ውስጥ መንፈስ ይኖራል ማለት የአረማውያን ተረት ነው» እያሉ የሚሳለቁ አሉ። ተረትነቱን ማን ካደ? ነገር ግን ምሥጢሩን አልመረመሩትም።

የጥንት ግሪኮች፥ ሐማድርያድ የምትባለው መንፈስ ዛፏ ሲሞት አብራ ትሞታለች ይሉ ነበር። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እንደ ጻፈው፥ ኤሪሲክቶን የተባለ ሰው ለእህል አምላክ ለኬሬስ የተቀደሰውን ዛፍ በምሳር ቢመታው ደም ፈሰሰው። ሰውየው ግን ሳይራራ ገንድሶ ጣለው። ቅጣቱም የማይጠግብ ረኃብ ሆነ፤ ሀብቱን በልቶ ጨረሰ፥ ልጁን ሸጠ፥ በመጨረሻም የገዛ ሥጋውን በላ።

ይህ ከንቱ ወሬ ነውን? ደን ተመንጥሮ አፈሩን ጎርፍ ሲወስደው፥ ምንጩም ሲነጥፍ፥ የሚራበው ማን ነው? እንግሊዛዊው ቶልኪንም እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ልብ ወለድ፥ የዛፍ እረኞችን በደን ጨፍጫፊው ላይ ያዘመተው በከንቱ አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፥ ዛፉ ደም እስኪያፈስ ካልራራህ፥ ከተረተኞቹ ይልቅ ሞኙ አንተ ነህ።