የቻይናውን ቀርከሃ ሼር አደረግን፤ የጨንቻውን ማን ጠየቀ?

ወገን፣ ይህችን ፖስት ያላየ የለም። «የቻይና ቀርከሃ ተክለህ አምስት ዓመት ውሃ ታጠጣዋለህ፣ ምንም ነገር አይታይም። በአምስተኛው ዓመት ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ተመንጥቆ ሰማይ ይነካል። አንተም ታገስ!» ትላለች። እኔም ሼር አድርጌያታለሁ። ዲግሪዬን ታቅፌ ሁለተኛ ዓመቴን ሥራ ስፈልግ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አንብቤ ተጽናንቼባታለሁ።

አንድ ቀን ለአንድ የጨንቻ አባት አነበብኩላቸው። ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ቀርከሃ አምስት ዓመት መሬት ውስጥ ተደብቆ አይቀመጥም። ከዘር ሲበቅል ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል፤ ከመሬት በታች ያለው ሥሩ እየተዘረጋ ሲሄድ በየዓመቱ የሚወጣው ቡቃያ እየወፈረ ይመጣል። አንዱ ቡቃያ ብቅ ካለ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ እየጠነከረ ብቻ ይሄዳል። ለሥራ የሚሆነውም ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ አባቶች ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እያሉ፣ እኛ ስለ ቀርከሃ የምንማረው ከፌስቡክ ነው።

ነገሩ ከአንዲት ፖስት በላይ ነው። እስቲ ቻይናውያን ቀርከሃቸውን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያወርሱ ልብ በሉ። ወረቀት ከመምጣቱ በፊት በቀርከሃ ስንጥር ላይ ይጽፉ ነበር። በሥዕል ጥበባቸው «አራቱ ጨዋዎች» ከሚሏቸው አራት ዕፅዋት አንዱ ቀርከሃ ነው። ውስጡ ባዶ መሆኑን እንኳ የትሕትና ምልክት አድርገውታል፤ ትሑት ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል በቀጥታ ሲፈታ «ባዶ ልብ» ማለት ነው።

ባህላቸውን ደግሞ በውድድር ለዓለም ያስተምራሉ። «የቻይንኛ ድልድይ» የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2002 ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጀመረ፤ በ2008 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ተከፈተ። ተወዳዳሪው በቻይንኛ ንግግር ያደርጋል፣ ስለ ቻይና የሚቀርብለትን ጥያቄ ይመልሳል፣ ይዘፍናል ወይም ኩንግፉ ያሳያል። የኛም አገር ተማሪዎች ይወዳደራሉ።

በዚህ የሚናደድ ካለ ተሳስቷል። ቻይና የራሷን ማስተማሯ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ እኛ የራሳችንን አለማስተማራችን ነው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ «ፓንዳ ምን ይበላል?» ተብዬ ተጠይቄ፣ «ቀርከሃ» ብዬ መልሼ ተጨብጭቦልኛል። የዶርዜ ቤት ለምን በየጊዜው እያጠረ እንደሚሄድ ግን የጠየቀኝ መምህር የለም። አንተን ጠይቀውሃል? አንቺንስ?

መልሱ ይኸው። የዶርዜ ቤት እንደ ትልቅ ቅርጫት ከቀርከሃ ይጠለፋል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ወደ ፊት ወጣ ያለው መግቢያው ከላዩ ካሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች ጋር የዝሆን ፊት ይመስላል። መሬት የነካውን የታችኛውን ጫፍ ምስጥ ይበላዋል፤ የተበላው ሲነሳ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ኑሮው ግን ይቀጥላል። ውስጥ የሚነደው የምድጃ ጭስ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ይህን የፈጠሩት አያቶቻችን ናቸው። ለቱሪስት ፎቶ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው?

ሀብቱም የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ የሳተላይት ጥናት የኢትዮጵያ ቀርከሃ 1.47 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች አሉን፤ የደጋውና የቆላው። የጨንቻው የደጋው ነው፣ የአሶሳው የቆላው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የቀርከሃና ራታን ድርጅት አገራችን አባሉ ናት፤ የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮውንም አዲስ አበባ ከፍቷል። ታዲያ ምግብ ቤት ገብተህ የስቴኪኒውን ማሸጊያ ገልብጠህ እየው። ስንት ጊዜ የቻይና ፊደል አገኘህበት?

«ታዲያ ወደ ጭስ ቤት እንመለስ ነው የምትለው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይደለም። ዓይኗን ጭስ ያቃጠላት እናት ቆርቆሮ ቤት ብትመርጥ መብቷ ነው፤ «ባህል ነው» ብሎ ሰውን ድህነት ውስጥ ማስቀመጥ አገር መውደድ አይባልም። እኔ የምለው ስለ እውቀቱ ነው። ቀርከሃን በየትኛው ወቅት ቢቆርጡት እንደማይነቅዝ፣ የትኛው ለቤት፣ የትኛው ለቅርጫት እንደሚሆን የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ ያልፋሉ። እውቀቱ ካለ ወንበርም፣ አልጋም፣ የወለል ንጣፍም፣ ስቴኪኒም ይሠራል። እውቀቱ ከጠፋ ግን ጥሬውን ሸጠን የተሠራውን ስንገዛ እንኖራለን።

ስለዚህ አንድ ነገር እናድርግ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 18 የዓለም የቀርከሃ ቀን ነው። በኛ መስከረም 8 ግድም ይውላል፤ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት፣ ጋሞም ለመስቀል በሚዘጋጅበት ሰሞን። በዚያን ሰሞን በየትምህርት ቤቱ የልጆች የቀርከሃ ውድድር ይኑር።

አንደኛ፣ ጥያቄና መልስ፦ ልጁ መልሱን ከስልክ ሳይሆን ከአያቱ ጠይቆ ያምጣ። ሁለተኛ፣ የእጅ ሥራ፦ ቀርከሃ ሰንጥቆ ትንሽ ነገር ይጥለፍ። ሦስተኛ፣ ቃላት፦ የቤቱን እያንዳንዱን ክፍል በጋሞኛ ስሙ ይጥራ። አራተኛ፣ ሥዕል። ዳኞቹ ቤት የሠሩ አባቶችና በዚያ ቤት ልጅ ያሳደጉ እናቶች ይሁኑ። ስለ ቻይና ቀርከሃም አንድ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፤ ልጅ የሌላውን ማወቁ ያሰፋዋል እንጂ አያሳንሰውም። ሽልማቱ ደብተር ቢሆን ይበቃል። የውጭ እርዳታም፣ ትልቅ ባጀትም አያስፈልገውም።

አዘጋጁ ማን ነው ካላችሁ፣ እኛው ነን። ተመርቀን ቤት የተቀመጥን፣ «ሥራ ፈት» የሚሉን። ጊዜ አለን፣ መጻፍ እንችላለን፣ ስልካችን ይቀርጻል። አባቶች የሚናገሩትን እንቅዳ፣ እንጻፍ። ሥራ እስክናገኝ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን ከመቀመጥ ይሻላል።

አንተም አንቺም ይህን አንብባችሁ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ። ነሐሴ ላይ ርእሰ መምህራን ለምዝገባ ቢሮ ሲገቡ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ያደጋችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱና ጠይቁ። እምቢ ቢሉ ሌላ ትምህርት ቤት ሞክሩ። እሺ ካሉ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስም ከታች ጻፉልን፤ መጥተን አብረን እንሠራለን።

እኔ የሳቁብኝን አባት ዳኛ እንዲሆኑ ጠይቄያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል። ልጆቹን ማምጣት የኛ ፋንታ ነው።