ጄለሲና ኤንቪ

ልጆቻቸው እንግሊዝኛ የሚማሩላቸው ወላጆች ሳይጠየቁ የማይቀሩባቸው ኹለት ቃላት አሉ፤ እነርሱም ጄለሲና ኤንቪ የተባሉት ናቸው። ጄለሲ የያዘው ሰው የራሱ የኾነውን ሌላ እንዳይወስድበት ይሠጋል። ኤንቪ ያደረበት ግን የሌላው ሀብት ወይም ሹመት ያንገበግበዋል። የፊተኛውን ቅናት፤ የኋለኛውን ምቀኝነት ብንለው ከፍቺው እንቀርባለን። በሼክስፒር ድርሰት ኦቴሎ ሚስቱን የተነጠቀ መስሎት የነደደው በጄለሲ ነው፤ ኢያጎ ግን የተመኘው ሹመት ለካሲዮ ስለ ተሰጠ በኤንቪ ተቃጠለ።

ኤንቪ ከላቲን የመጣ ሲኾን፤ ጥንተ ነገሩ በክፉ ዐይን መመልከት ነው፤ ይህስ ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ጄለሲ ግን ከግሪክ የተወረሰ ኾኖ፤ የመንፈሳዊ ትጋት ስም ከኾነው ከዚል ጋራ አንድ ሥር አለው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓመት የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 እግዚአብሔርን በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ ከግእዙ ቀናኢ ጋራ ይስማማል። ምቀኛ ብሎ የሚተረጕም ሰው እንግዲህ ምን ያህል እንደሚስት ይታያል።

ዛሬ እንግሊዞች ራሳቸው በተራ ንግግር ለኹለቱም ጄለስ ይላሉ። በቤት ውስጥ ግን መለየቱ ይጠቅማል። ታናሽ ወንድም ሲወለድ የሚያኰርፍ ሕፃን የእናቱን ፍቅር እንዳያጣ ፈርቷል እንጂ ወንድሙን አልተመቀኘም። አባቱ ምቀኛ ብሎ ቢቀጣው ፍርሀቱን ያጸናበታል፤ እናቱ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ለብቻው ብታጫውተው ግን ይበርድለታል። የባልንጀራው እስክርቢቶ ከእርሱ ስለ በለጠ የሰበረበት ልጅ ሌላ ተግሣጽ ይሻል።