መስኮታችንን የጋረደው ጀልባ

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ መርከብ ክፍል ምርጫ ነው። “ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ገጽ ጋር ምን አገናኘው?” የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎች የጋብቻ መታሰቢያችንን ለማክበር ወይም ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችንን ለማዝናናት በመዝናኛ መርከብ መጓዝ ጀምረናል። በሲያትልና በአካባቢዋ ለምንኖር ደግሞ በበጋው ወራት ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች የሚነሡት ከደጃችን ነው። ስለዚህ ነገሩ የባልና የሚስት ጉዳይ፣ የኪስም ጉዳይ ሆኗል። በእኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ከባለቤቴ ጋር የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት ለማሰብ የሰባት ቀን ጉዞ ለማድረግ ተስማማን። ቀኑን እርሷ መረጠች፤ ክፍሉን የመምረጥና የመክፈል ሥራ የእኔ ሆነ። ዋጋውን ስመለከት መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ረከስ ይላል። ባሕሩን ወለል አድርጎ የሚያሳየው ባለ መስኮት ክፍል ይወደዳል፤ በረንዳ ያለው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በመካከላቸው ግን አንድ ሌላ ዓይነት አገኘሁ፤ መስኮት አለው፣ እይታው ግን የተጋረደ ነው። ባሕሩን ከሚያሳየው ክፍል በሰው ሁለት መቶ ዶላር ያህል ይቀንስ ነበር። ለሁለታችን አራት መቶ ዶላር! ወዲያው ትዝ ያለኝ አገር ቤት ያሉት የታላቅ ወንድሜ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ሳላመነታ ከፈልኩ። ለባለቤቴ ግን “ባለ መስኮት ክፍል ይዣለሁ” ብቻ አልኳት። ያልኩት ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ባለቤቴ ወደ ክፍላችን እንደገባን የእጅ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሄዳ መጋረጃውን ከፈተችው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የአንድ ትልቅ ብርቱካናማ ጀልባ ሆድ ተንጠልጥሏል። ከላይ ቁራጭ ሰማይ፣ በጎን በኩል ደግሞ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ባሕር ይታያል። ዞር ብላ፣

“ታውቅ ነበር?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ስከፍል ጀምሮ።”

ከዚያ በኋላ እስከ እራት ድረስ አላናገረችኝም። እራት ላይ ስለ ወንድሜ ልጆች አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ “ብትነግረኝ እኔ ራሴ ይህንኑ ክፍል እመርጥ ነበር። ያዘንኩት በጀልባው አይደለም፤ እነዚያን ልጆች እኔ የማልወዳቸው አስመሰልከኝ” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ማታ አብረን ጸልየን ተኛን። ጠዋት መጋረጃውን ስንከፍት ጀልባው እዚያው ነበር፤ እኛ ግን ሳቅን።

የሚጋርደው ምንድን ነው?

በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ እይታን የሚጋርደው የነፍስ አድን ጀልባ ነው። ጀልባዎቹ በመርከቡ ግራና ቀኝ በብረት ክንዶች ላይ ተንጠልጥለው ስለሚቀመጡ፣ ከኋላቸው ያሉት ክፍሎች መስኮት ወደ እነርሱ ይዞራል። አንዳንድ ጊዜም የሚጋርደው የብረት ምሰሶ ወይም ሌላ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ጀልባዎች ለምን ይህን ያህል ቦታ እንደያዙ ሳስብ የታይታኒክ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 ያ መርከብ ሲሰጥም በላዩ ላይ ወደ 2,200 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። የነበሩት ጀልባዎች ግን 20 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ቢሞሉ እንኳ የሚይዙት 1,178 ሰው ነበር። ከ1,500 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሚያስገርመው፣ መርከቡ በጊዜው የነበረውን የእንግሊዝ ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ የጀልባዎቹን ብዛት የሚወስነው በመርከቡ ግዝፈት እንጂ በተሳፋሪው ቁጥር አልነበረም። ከዚያ ኀዘን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 በባሕር ላይ የሰው ሕይወት እንዲጠበቅ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ በመርከብ ለተሳፈረ ሰው ሁሉ በአደጋ ጊዜ የሚያመልጥበት ቦታ ሊኖረው ግድ ነው።

እንግዲህ እኔና ባለቤቴ ያኮረፍንበት ያ ብርቱካናማ ሆድ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የምንድንበት ነበር። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ተሳፋሪ ሁሉ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰብበትን ቦታ እንዲያውቅ ይደረጋል። እኛም ቦታችንን አይተን ስንመለስ ባለቤቴ መስኮቱን እያየች፣ “ስንቱን ነገር ነው ‘ጋረደን’ ብለን የምናማርረው!” አለች።

ለመምረጥ ስታስቡ

የተጋረደ ክፍል ለሁሉም ሰው ይስማማል አልልም። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች አስቡ።

በመጀመሪያ፣ የመርከቡን የየፎቁን ፕላን አውጥታችሁ ክፍሉ የት እንዳለ ተመልከቱ። በሙሉ የተጋረደና በከፊል የተጋረደ እኩል አይደሉም። በሁለት ጀልባዎች መካከል የተገኘ መስኮት ብዙ ባሕር ሊያሳይ ይችላል። ጀልባው ከመስኮቱ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ደግሞ ከሥሩ ማየት ይቻላል። ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። ርካሽ ሆኖ “ክፍሉን እኛ እንመድብላችኋለን” የሚል ዋጋ ከወሰዳችሁ፣ የሚደርሳችሁን መቀበል እንጂ በኋላ ማጉረምረም አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ሦስቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዋጋው ለሁለት ሰው በተዘጋጀ ክፍል የአንዱ ሰው ስለሆነ በሁለት አባዙት፤ የወደብ ክፍያና ለሠራተኞች የሚሰጠውንም ጨምሩበት። የተጋረደው ክፍል መስኮት ከሌለው በጥቂት ብቻ ከበለጠ፣ ስለ ብርሃኑ ብላችሁ ውሰዱት። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ መብራት ስታጠፉ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው፤ በጀልባ በተጋረደው ክፍል ግን ሲነጋ ታውቃላችሁ። ባሕሩን ከሚያሳየው ያለው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ግን ጨምሮ የተሻለውን መውሰድ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሚተኛበት አስቡ። ክፍሉን ለመኝታ ብቻ ለሚፈልጉ ብርቱዎች ይበቃል። እግራቸው ደከም ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ የሚቆዩ እናት ከሆኑ ግን ባሕሩን የሚያሳየውን ለእርሳቸው ስጡ፤ የጀልባ ሆድ ሲያዩ እንዲውሉ አትፍረዱባቸው። መርከቡ ወደ ወደብ ሳይጠጋ በሚቆምባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ ጀልባዎች ሰው ለማመላለስ በማለዳ ስለሚወርዱ ድምፅ አለ። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ይህን ይወቅ። መስኮቱ መተላለፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ አላፊ አግዳሚ ስለሚያይ ማታ መጋረጃችሁን ዝጉ።

በአላስካ ጉዞ ላይ ያየሁትን ልጨምር። ግላሲየር ቤይ በደረስንበት ቀን ባለ በረንዳውም፣ መስኮት የሌለውም፣ እኛም ካፖርታችንን ደርበን የላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ላይ ቆምን። መርከቡ በግግር በረዶው ፊት ቀስ ብሎ ሲዞር በግራም በቀኝም ያለው ሁሉ አየ። የእግዚአብሔርን ሥራ ለማየት የከፈልነው ዋጋ አልለየንም። በሰኔ ወር በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቆይታ ነውና ለማየት ጊዜ አላነሰንም።

ከሁሉ በፊት ግን

በዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ላይ ኖኅ ውኃው መጉደሉን ለማወቅ ርግብ መላክ እንዳስፈለገው እናነባለን። ያ መርከብ የተመሰገነው በእይታው አልነበረም፤ ቤተሰብን ስላዳነ ነው። በትዳራችንም እይታችን የሚጋረድበት ዘመን አለ። ገንዘብ ያጥራል፤ የዘመድ ችግር ይመጣል፤ የተመኘነውን መስኮት እናጣለን። ይህ ቤት አያፈርስም። ቤት የሚጎዳው አንዱ እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የሚሰቀለው መጋረጃ ነው። ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥25 እርስ በርሳችን እውነትን እንድንነጋገር ሲያዝዝ ምክንያቱን የሰጠው አንዳችን የሌላችን ብልቶች መሆናችንን ነው። ቀኝ እጅ ከግራ እጅ ደረሰኝ ደብቆ የት ይደርሳል?

እኔ አራት መቶ ዶላር ለማዳን ብዬ፣ ባለቤቴ በደስታ ልትሰጠው የምትችለውን ስጦታ ቀማኋት። ደግ ነገር አብሮ የማድረግን ደስታ ለብቻዬ ወሰድኩት። ዘንድሮ ለልጆቹ የላክነውን ገንዘብ ሁለታችንም ተቀምጠን ቆጠርነው፤ የላከችውም እርሷ ናት።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የተጋረደውን ክፍል ምረጡ ወይም አትምረጡ፤ ግን ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሁለታችሁም እያያችሁ ምረጡ። ለትዳር ጓደኛችሁ ያላሳያችሁት ደረሰኝ በመሳቢያችሁ ውስጥ ካለም ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት አውጡት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።