አፈሩን ማን ይውሰደው?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አንድ የጭነት መኪና አፈር ጭኖ ቶኪዮ ወደሚገኘው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ግቢ ገባ። የመጣው ሁለት ሜትር ኪዩብ ብቻ ነው። በአትክልቱ ቦታ ከሥር ተደለደለ፣ ንጹሕ አፈር ለበሰ፣ በቃ። ነገሩ ወሬ የሆነው አፈሩ የፉኩሺማ አፈር በመሆኑ ነው። የዚህ አፈር ዘመድ የሆነ 14 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ደግሞ እስካሁን ተረካቢ አጥቶ ተቀምጧል።

ለማስታወስ ያህል፣ የፉኩሺማ ዳይቺ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የሚገኘው ከጃፓን ደሴቶች ትልቋ በሆነችው በሆንሹ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲመታው የማቀዝቀዣ ፓምፖቹ ኤሌክትሪክ አጡ፤ ከስድስቱ ማብላያዎች የሦስቱ ነዳጅ ቀለጠ። ከ150,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ይህን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ አፈሩንና ውኃውን የማጽዳቱን ሥራ ግን የተከታተለው ጥቂት ሰው ነው።

ከአፈሩ እንጀምር። ከሰማይ የወረደው ጨረር አመንጪ ሴሲየም ሸክላነት ያለው አፈር ሲያገኝ ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፤ አብዛኛው ከላይኛው አምስት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ይህ በአንድ በኩል ዕድል ነው፤ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ በብዛት እንዳይሰርግ አድርጎታል። በሌላ በኩል ግን የጽዳት ሠራተኛው ገፍፎ የሚወስደው ያንኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ አባትና አያት በፍግና በብስባሽ ሲያዳብሩት የኖሩትን። በምትኩ ከኮረብታ የተቆፈረ አሸዋማ አፈር ተደፋ። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል፤ ማሳው ከጨረሩ ጸዳ፣ ከለምነቱም አብሮ ጸዳ።

የተገፈፈው አፈር በትልልቅ ጥቁር ከረጢቶች ተሞልቶ በየእርሻው ዳር ተከመረ። ዓመታት ሲያልፉ አንዳንዱን ከረጢት አረም ቀዶ ወጣበት። ከ2015 ጀምሮ ክምሩ ወደ ኦኩማና ፉታባ ከተሞች ተጓጓዘ፤ በማመንጫው ዙሪያ 1,600 ሄክታር ያህል መሬት ጊዜያዊ ማከማቻ እንዲሆን ተከለለ። መሬቱ ከ2,000 በላይ ባለይዞታዎች ነበሩት። ርስታቸውን የለቀቁት መንግሥት በሕግ ቃል ስለገባላቸው ነው፤ አፈሩ እስከ መጋቢት 2045 ከፉኩሺማ ወጥቶ የመጨረሻ ማረፊያ ያገኛል ተባሉ። የት? እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

አፈር ባስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። ውኃ ግን አይቀመጥም፣ የፉኩሺማ ዋናው ራስ ምታትም እሱ ሆነ። ማመንጫው በ1960ዎቹ ሲገነባ ቦታው ከባሕሩ 35 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ገደል ነበር። መሐንዲሶቹ ገደሉን ቆርጠው ወደ 10 ሜትር አወረዱት። ሕንፃው ጠንካራ አለት ላይ እንዲያርፍና የባሕር ውኃ ለመሳብ የሚወጣው ወጪ እንዲቀንስ ነው። በዚያን ጊዜ የሒሳብ መዝገብ ላይ ጥሩ ቁጠባ መስሎ ሳይታይ አልቀረም። ዕዳው የመጣው በኋላ ነው። ማመንጫው ለሱናሚው ቀረበ፤ ከኋላው ካሉት ኮረብቶች ወደ ባሕር ለሚወርደው የከርሰ ምድር ውኃም መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ከአደጋው በኋላ በተሰነጣጠቀው ምድር ቤት በኩል በቀን 400 ቶን ያህል ውኃ ወደ ሕንፃዎቹ እየገባ፣ የቀለጠውን ነዳጅ ከነካው ውኃ ጋር እየተቀላቀለ ይበከል ነበር።

ይህን ለማቆም የተሠራውን ስሰማ መጀመሪያ ተረት መስሎኝ ነበር። ከስድስቱ ማብላያዎች በአራቱ ዙሪያ ከ1,500 በላይ ቧንቧዎች 30 ሜትር ያህል ወደ ታች ተቀበሩ፤ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የጨው ውኃ ሌት ተቀን ይዞርባቸዋል፤ በዙሪያቸው ያለው አፈር እንደ በረዶ ይጠነክራል። 1.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የበረዶ ግድግዳ ከመሬት በታች ቆመ ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ሥራ የጀመረው በመጋቢት 2016 ነው፤ ወጪው ከመንግሥት ካዝና ወጣ። ግድግዳው ብቻውን አልበቃም፤ በሕንፃዎቹ ዙሪያ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውኃው ሳይበከል በፊት ይሳባል፤ ዝናብ እንዳይሰርግም ግቢው ተለበጠ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚገባው ውኃ በቀን ከ100 ቶን በታች ወረደ። ዜሮ ግን አልሆነም።

የተበከለው ውኃ እየተጣራ በታንከር ተከማቸ፤ ታንከሮቹ ከ1,000 በለጡ፤ ውኃውም ከ1.3 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆነ። ማጣሪያው ብዙውን መርዝ ይይዛል፣ ትሪቲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን ግን አይችለውም፤ እሱ ራሱ የውኃው አካል ስለሆነ። በነሐሴ 2023 ውኃው በብዙ የባሕር ውኃ እየቀጠነ ወደ ፓሲፊክ መለቀቅ ጀመረ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ዕቅዱ ከደኅንነት መመዘኛዎቹ ጋር ይጣጣማል አለ፤ ቻይና በዚያው ዕለት የጃፓንን የባሕር ምግብ አገደች። ሳይንሱን ካየሁት ዘንድ ለኤጀንሲው አደላለሁ። ዓሣ አጥማጁ ግን ስንት ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ ነው) እንደተለካ ነግሮ ገዢ አይመልስም፤ ስለዚህ መቆጣቱ አይገርመኝም።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የተበከለ አፈርና ውኃ ማጽዳት ስንል ብዙውን ጊዜ ቦታ መቀየር ማለታችን ነው። ሴሲየም በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈልጋል፤ የትኛውም አካፋ ይህን አያሳጥረውም። የሰው ድርሻ ከማሳ ወደ ከረጢት፣ ከጉድጓድ ወደ ታንከር፣ ከታንከር ወደ ባሕር ማዛወር ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው፦ ማን አጠገብ ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ቶኪዮን እወቅሳለሁ። የፉኩሺማ ዳይቺ ባለቤት ቴፕኮ የቶኪዮ ኤሌክትሪክ አቅራቢ ነው፤ ከማመንጫው የሚወጣው ኃይል አምፖል ያበራ የነበረው በዋና ከተማዋና በአካባቢዋ ነው። የፉኩሺማ ነዋሪ መብራቱን የሚያገኘው ከሌላ ኩባንያ ነው። ከተከማቸው አፈር ሦስት አራተኛ ያህሉ ከ8,000 ቤኬሬል በኪሎ ግራም አይበልጥም፤ መንግሥት ይህን በመንገድና በግድብ ሥራ ከሥር ልጠቀምበት ይላል። በ2022 መጨረሻ በቶኪዮ ሺንጁኩ የአትክልት ሥፍራና በአጎራባቿ ቶኮሮዛዋ ሊሞክረው ሲያቅድ ነዋሪው አይሆንም አለ፤ ዕቅዱም ቆመ።

ፍርሃታቸውን አላቃልልም። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፤ የመንግሥትና የኩባንያ ቃልም ከአደጋው በኋላ ዋጋው ወድቋል። ነገር ግን ሁለት ወዶ አይሆንም። አፈሩ አደገኛ ካልሆነ ቶኪዮ የማትወስድበት ምክንያት የለም፤ አደገኛ ከሆነ ደግሞ ኦኩማና ፉታባ ብቻቸውን የሚሸከሙበት ምክንያት የለም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ግቢ አበባ መደብ ጥሩ ጅምር ነው፤ 14 ሚሊዮኑን ግን በአበባ መደብ አይጨርሱትም።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ኢትዮጵያና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም በአገራችን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ኒውክሌር አይምጣ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። ኃይል ያስፈልገናል። ሆኖም የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብለው ያስተማሩን አባቶች ልጆች ነን፤ ጃፓን ያን የፈሰሰ ውኃ ስታፍስ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል። ከቀለጠው ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ናሙና ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ነው፤ ያወጣችውም አንድ ግራም የማይሞላ ነው። ከ800 ቶን በላይ ይቀራታል።

ስለዚህ ማመንጫው ስንት ሜጋ ዋት ይሰጣል ብለን ስንጠይቅ ሌሎች ጥያቄዎችም አብረው ይጠየቁ። ቦታው ሲመረጥ ከርሰ ምድር ውኃው በየት በኩል እንደሚያልፍ ማን ያጠናል? ጥናቱስ ለሕዝብ ይገለጣል ወይ? ያገለገለው ነዳጅ ወደ ሻጩ አገር ይመለሳል ወይስ እኛው ዘንድ ይቀራል? ለማፍረሻና ለጽዳት የሚሆነው ገንዘብ መብራቱ ከበራበት ቀን ጀምሮ በየትኛው ሒሳብ ይጠራቀማል? አጠገቡ የሚኖረው ገበሬስ፣ ኃይሉ አልፎት ወደ ከተማ እንዳይሄድ ምን ዋስትና አለው? መልሶቹ በውሉ ውስጥ በአንቀጽ ተጽፈው ካላየናቸው ምክር ቤቱ ውሉን እንዳያጸድቀው ነው የምለው።