ከስፌት ወደ ሻደይ

በዋግና በላስታ ዝናቡ ከቤት ሲያውል ጎረቤታሞች ቡና እየጠጡ ሞሰብና ሰፌድ ይሰፋሉ። ስንደዶው በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ ደረቁ ስለሚሰበር ሲሰፋ በውኃ ይርሳል። በወስፌ እየተበሳ ዙር በዙር የሚያድግ አንድ ሞሰብ ብዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዋጋው የሚከራከር ገዢ ይህን ሊያስብ ይገባል።

በዚሁ የዝናብ ወቅት፣ ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ተጠራርተው ይወጣሉ። ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በዓሉ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። የልጅነት ባልንጀርነት የሚጠናከረው እዚህ ነው፤ በትዳር የተራራቁትም የሚገናኙት በዚሁ ሰሞን ነው።

ይህ እትም ለሰፊዎቹና ለጨፋሪዎቹ የተሰጠ ነው። አንባቢም የየአካባቢውን የስፌት ዓይነት ጽፎ እንዲልክ ተጋብዟል።